ታላቁን ከበሮ መቺ ለመምረጥ፤ የአለቃ ገብረ ሐና ሕይወትና በሳቅ የተሸፈነው ሥራቸው

ጥያቄው የተነሣው በደብረ ማርቆስ ከተማ፣ ሚያዝያ 30 ቀን የሚውለው የወንጌላዊው የማርቆስ በዓል በተከበረ ማግሥት፣ ጥቂት መምህራን ተሰብስበን ቡና ስንጠጣ ነው። ሙዚቃ የሚወድ አንድ ወጣት ባልደረባችን በዓለም ላይ እስከ ዛሬ ከታዩት ከበሮ መቺዎች ሁሉ የሚበልጠው ማን እንደ ሆነ እንድንመርጥ ጠየቀን። እንደ ልማዳችንም ክርክሩ ወዲያው ሞቀ። አንዱ ከአሜሪካ የጃዝ ተጫዋቾች ማክስ ሮችን አቀረበ፤ ሌላው የእጁ ፍጥነት ተወዳዳሪ የለውም ብሎ በዲ ሪችን አስቀደመ። የእንግሊዙን ጆን ቦናምን የጠራም ነበር። አፍሪካ ለምን ትረሳለች ያለው ደግሞ ከፌላ ኩቲ ጋር ሆኖ አፍሮቢት የተባለውን ስልት የፈጠረውን ናይጄሪያዊውን ቶኒ አለንን አነሣ። በሁለት እጁ ጣቶች የጠብላን ከበሮ ያናግር የነበረው ህንዳዊው ዛኪር ሁሴንም አልተረሳም።

ጨዋታው በዚህ ሁኔታ ሲቀጥል፣ እስከዚያ ድረስ ዝም ብለው ሲያዳምጡ የቆዩት፣ በልጅነታቸው የአብነት ትምህርት የተማሩ አንድ አንጋፋ ባልደረባችን ጣልቃ ገብተው፣ በትናንቱ ማሕሌት ላይ ከበሮውን የመቱት ሰው ስማቸው ማን እንደሚባል ጠየቁን። ሁላችንም በቦታው ነበርን። ከበሮውንም ሰምተናል፤ እግራችንም ሳናውቀው ምቱን ተከትሎ ነበር። የመቺውን ስም ግን የሚያውቅ አንድ ሰው እንኳ ከመካከላችን አልተገኘም። በባሕር ማዶ ያሉትን በየስማቸው የቆጠርን ሰዎች በደጃችን ያለውን ሳናውቅ ቀረን።

የዚህ መጽሔት አዘጋጆች ለዘንድሮው እትም አንድ ጽሑፍ እንዳቀርብ በጠየቁኝ ጊዜ ያ ጥያቄ ከአእምሮዬ አልጠፋም ነበርና፣ መልስ ይሆነኛል ያልሁትን የአንድ ሊቅ ሕይወት ለአንባብያን ለማቅረብ ወሰንሁ። ሊቁ በአገራችን ስማቸውን የማያውቅ ሰው የሌለ፣ ሥራቸውን ግን የሚያውቀው ጥቂት ሰው ብቻ የሆነ፣ አለቃ ገብረ ሐና ደስታ ናቸው። በቀልዳቸው የምናውቃቸው እኒያው አለቃ ገብረ ሐና በከበሮ ጉዳይ መነሣታቸው አንባቢን ሊያስገርም ይችላል። ስለዚህ አስቀድሜ የምርጫዬን መለኪያ ማስረዳት ይገባኛል።

ከበሮ በአገራችን

በአገራችን ከበሮ አንድ ዓይነት አይደለም። ነጋሪት አለ፤ አንድ ፊቱ ብቻ ቆዳ የለበሰ፣ በዱላ የሚጎሰም፣ የመንግሥት ድምፅ ነው። አዋጅ የሚነገረው፣ ሹመት የሚታወቀው፣ ጦር የሚከተተው በእርሱ ነበር። ጎጃምን በንጉሥነት ያስተዳደሩት ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ቀድሞ መንቆረር ትባል በነበረችው በደብረ ማርቆስ ሲቀመጡ የአገሩ ሰው ትእዛዛቸውን የሚሰማው ነጋሪት ሲጎሰም ነበር። አታሞም አለ፤ ይህ ደግሞ የሠርግና የዘፈን፣ በተለይም የሴቶች መሣሪያ ነው። ሦስተኛው የቤተ ክርስቲያን ከበሮ ነው። ግንድ ተፈልፍሎ፣ ሁለቱም አፉ ቆዳ ለብሶ፣ ዙሪያውን በጠፍር ተወጥሮ የሚሠራ ሲሆን፣ አንደኛው አፍ ሰፊ፣ ሁለተኛው ጠባብ ነው። መቺው በአንገቱ አንግቶ ወይም መሬት ላይ አስቀምጦ በሁለት እጁ ይመታዋል።

ሊቃውንቱ ለዚህ ከበሮ ለእያንዳንዱ ክፍል ምሥጢር አላቸው። ሰፊው አፍ የመለኮት፣ ጠባቡ የትስብእት ምሳሌ ነው ይላሉ። ጠፍሩ በክርስቶስ ገላ ላይ ያረፈውን የግርፋት ሰንበር፣ የሚለብሰው ጨርቅም በመከራው ቀን ያለበሱትን ልብስ እንደሚያስታውስ ያስተምራሉ። ከበሮው ይህን ሁሉ የተሸከመ ነውና የሚመታው ሰው ራሱን ለማሳየት አይመታውም። ብቻውን ወጥቶ የሚያሳየው ትርኢትም የለውም። መሪው ያነሣውን ቃል፣ የቀኝና የግራ ረድፍ የሚቀባበለውን ዜማ፣ የጸናጽሉን ድምፅና የመቋሚያውን ንቅናቄ እየሰማና እያየ፣ ሁሉንም በአንድ ጊዜ ያስኬዳል። ከበሮ በሰው እጅ ሲያዩት ያምራል፣ ሲይዙት ግን ያደናግራል የሚለው ተረት የመጣውም ከዚህ እውነት ይመስለኛል። አንዲት ምት ብትቀድም ወይም ብትዘገይ የሠላሳና የአርባ ሰው ማሕሌት ይናጋል።

የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ዜማ አባት በ6ኛው መቶ ዓመት፣ በዐፄ ገብረ መስቀል ዘመን የነበረው ቅዱስ ያሬድ መሆኑ የታወቀ ነው። ግዕዝ፣ ዕዝልና አራራይ የተባሉት ሦስቱ የዜማ ዓይነቶች ከእርሱ የተገኙ ናቸው። በዜማው ላይ መቋሚያን፣ ጸናጽልንና ከበሮን አስማምቶ የሚያስተምረው አቋቋም የተባለው የትምህርት ክፍል ግን በየዘመኑ ሊቃውንት እየዳበረ መጥቶ በጎንደር ዘመን የጎለመሰ ነው። በአቋቋም ሥርዓት አንድ ቃል በአንድ መልክ ብቻ አይባልም። በመጀመሪያ መሣሪያ ሳይነካ በቁም ዜማ ይዜማል። ቀጥሎ መቋሚያ እየተወዛወዘ በዝማሜ ይባላል። ከዚያ ከበሮና ጸናጽል ገብተው በመረግድ ይመራል፤ መረግዱም አስቀድሞ በዝግታ፣ ኋላ በፍጥነት ነው። በመጨረሻም ወደ ጽፋትና ወደ ወረብ ያልፋል። አንድ ቃል ከጸጥታ ተነሥቶ በደረጃ እየሞቀ፣ ቤተ ክርስቲያኑን እስኪያናውጽ የሚደርሰው በዚህ መንገድ ነው።

እንግዲህ በእኛ አገር ታላቁን ከበሮ መቺ የሚፈልግ ሰው የእጅ ፍጥነት ቢለካ መልስ አያገኝም። ሊጠየቅ የሚገባው፣ ከበሮው፣ ጸናጽሉ፣ መቋሚያውና የሰው አካል አብረው የሚንቀሳቀሱበትን መንገድ የለወጠና ከእርሱ በኋላ የመጣው ትውልድ በዚያው መንገድ እንዲሄድ ያደረገ ማን ነው የሚለው ነው። አለቃ ገብረ ሐና ከሰው ሁሉ ይልቅ እጃቸው በከበሮ ላይ የፈጠነ ነበር የሚል ክርክር የለኝም። የእርሳቸው አሻራ ያረፈው አስቀድሞ በዝማሜው፣ ማለትም በመቋሚያውና በአካሉ ንቅናቄ ላይ ነው። ነገር ግን ከበሮ የሚመታው ለሚንቀሳቀስ ሰው ነውና፣ ንቅናቄውን የለወጠ ሰው የከበሮውንም ኑሮ ለውጧል ብዬ አምናለሁ።

ከፎገራ በጎጃም በኩል ወደ ጎንደር

ገብረ ሐና የተወለዱት በጣና ባሕር ምሥራቃዊ ዳርቻ፣ በፎገራ፣ በዘመነ መሳፍንት የኋለኛ ዘመን ነው። ፎገራ ርብና ጉማራ የተባሉት ወንዞች ወደ ጣና የሚገቡበት ሰፊ ሜዳ ነው። ክረምት በገባ ጊዜ ውሃው ሜዳውን ያለብሰዋል፤ በጋ ሲሆን ሣሩ ለከብት ይተርፋል፤ በባሕሩ ዳር ደግሞ ደንገሉና ሸንበቆው ይቆማል። የዚህ አገር ልጅ ውሃና ነፋስ ሣርንና ሸንበቆን እንዴት እንደሚያስጎነብሱ ከሕፃንነቱ ጀምሮ እያየ ያድጋል። ይህ ነገር ኋላ እንደሚጠቅመን አንባቢ ልብ ይበል።

ዘመኑ የመከራ ዘመን ነበር። በጎንደር ስም ብቻ የቀራቸው ነገሥታት ይነግሣሉ፣ ይሻራሉ፤ እውነተኛው ሥልጣን በየጁ መሳፍንት እጅ ሆኖ መናገሻው ደብረ ታቦር ነበር። መኳንንቱ ሲዋጉ የገበሬው ጎተራ ይራቆታል። ይሁን እንጂ በዚያ ሁሉ ሁከት መካከል ያልተቋረጠ አንድ ነገር ነበር፤ ይኸውም ትምህርት ነው። አኩፋዳውን አንግቶ፣ ደበሎውን ለብሶ፣ ከመንደር መንደር እየለመነ የሚማረው ተማሪ የጦር ሠራዊት በሚተላለፍበት መንገድ ላይ ከመምህር ወደ መምህር ይጓዝ ነበር። ገብረ ሐናም ከእነዚህ አንዱ ሆኑ።

ፊደሉን፣ ንባቡንና ዜማውን ካደላደሉ በኋላ ለቅኔ ትምህርት ዐባይን ተሻግረው ወደ ጎጃም እንደ መጡ ይተረካል። ይህም በዘመኑ የተለመደ መንገድ ነበር። ለአቋቋም ጎንደር፣ ለቅኔ ደግሞ ጎጃም ይመረጣልና። ዋሸራና ጎንጅ በቅኔ ስማቸው የተጠራ፣ ከአራቱም ማዕዘን ተማሪ የሚጎርፍባቸው ቦታዎች ናቸው። የጎጃም ቅኔ ቤት ለተማሪው የሚሰጠው የሰዋስው እውቀት ብቻ አይደለም። አንዱን ቃል ሲሰማ ሁለት ሆኖ እንዲሰማው፣ ከሰሙ ሥር ወርቁን እንዲያይ፣ ቃልን ሰንጥቆ ሌላ ቃል እንዲያወጣ አእምሮውን ይገራዋል። ኋላ አገር ያሳቀው የገብረ ሐና አንደበት ሥሩ ይህ ነው። ቀልዳቸው ሁሉ ከሞላ ጎደል የቅኔ ቤት ሥራ ነው፤ ከቤተ ክርስቲያን ወጥቶ ገበያ የገባ ሰምና ወርቅ ነው ለማለት ይቻላል።

ከጎጃም ወደ ጎንደር ተመልሰው በአቋቋምና በመጻሕፍት ትምህርት በረቱ። በጎንደር የአቋቋም ማዕከል በዓታ ለማርያም ናት። በሌላ ቦታ የተማረ ሁሉ እውቀቱን አስመስክሮ የሚመለሰው ከዚያ ነው። ገብረ ሐና በዚያች ደብር እስከ አለቅነት ደረሱ፤ ፍትሐ ነገሥትንም እንደሚያስተምሩ የታወቀ ነበር። ይህ ምን ያህል ደረጃ እንደ ሆነ ለዛሬ አንባቢ መግለጽ ያስፈልጋል። የአቋቋም ተማሪ የዓመቱን በዓላት ሁሉ ቃል፣ ከእያንዳንዱ ቃል ጋር የሚሄደውን የመቋሚያ ንቅናቄና የከበሮ አመታት በቃሉ መያዝ አለበት። የሚማረውም በጆሮና በዓይን፣ በክንድና በእግር ነው። ብዙ ዓመት ይፈጃል። በዓታ ላይ አለቃ የሆነ ሰው እንግዲህ የዚያ ሁሉ ጠባቂ ነው።

በ1847 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ ሲነግሡ ዘመነ መሳፍንት አበቃ፤ ለጎንደር ካህናት ግን አዲስ ፈተና ጀመረ። ንጉሠ ነገሥቱ የአብያተ ክርስቲያናትን ርስትና የአገልጋዮችን ቁጥር ለመቀነስ በመነሣታቸው ከካህናቱ ጋር ተጋጩ። ግጭቱ እየከረረ ሄዶ በ1859 ዓ.ም. ከተማይቱ ተዘረፈች፤ አብያተ ክርስቲያናቷም ተቃጠሉ። አለቃ ገብረ ሐና የኖሩት በዚህ ዘመን ነው። አንደበታቸው ለሹም የማይመለስ ስለ ነበር ከባለሥልጣን ጋር እየተጋጩ ከአገር አገር መዘዋወር ዕጣቸው ሆነ።

ባሕሩና ሸንበቆው

ስለ አዲሱ ዝማሜ አመጣጥ የሚተረከው እንዲህ ነው። አለቃ ገብረ ሐና በጣና አጠገብ በነበሩበት ጊዜ የባሕሩን ሞገድ ይመለከቱ ነበር። ሞገዱ ወደ ዳር ሲመጣ ሸንበቆው ይጎነበሳል፤ ሲመለስ ሸንበቆውም ቀና ይላል። አይሰበርም፤ አይቸኩልም፤ አንዱ ከሌላው አይቀድምም። ብዙ ሺህ ሸንበቆ አንድ ልብ እንዳለው ሆኖ ወዲያና ወዲህ ይላል። አለቃም መቋሚያ የያዘ የማሕሌት ረድፍ እንዲህ ቢንቀሳቀስ ብለው አሰቡ። የጎንደሩን ዝማሜ ጠንቅቀው የሚያውቁ ሰው ስለ ነበሩ ያዩትን ከቀለሙ ጋር አስማምተው አዲስ የዝማሜ ሥርዓት አበጁ።

ይህን ታሪክ ስንሰማ ፈጠራው የአንድ ቅጽበት ስጦታ ሊመስለን ይችላል። እንደዚያ ግን አይመስለኝም። ሞገድና ሸንበቆ ያየ ሰው በጣና ዙሪያ ስፍር ቁጥር የለውም። ዓሣ አስጋሪው አይቶታል፤ ታንኳ ቀዛፊው አይቶታል፤ እረኛው አይቶታል። በዚያ ውስጥ ዝማሜ ሊያይ የሚችለው ዝማሜን እስከ አጥንቱ ድረስ የተማረ ሰው ብቻ ነው። አለቃ ገብረ ሐና የያሬድን ቃል አልለወጡም፤ ዜማውንም አልነኩም። የለወጡት ቃሉ በሰው አካል ላይ የሚያድርበትን መንገድ ነው። አካሉ ከመቋሚያው ጋር ለስለስ ብሎ፣ እንደ ሸንበቆው ተጎንብሶ የሚመለስ ሆነ። የሚወዛወዘው ረድፍ እንዲህ ሲለወጥ የሚከተለው መረግድም ያንኑ መንፈስ መያዙ አይቀርም፤ ለተንቀሳቀሰው አካል ጊዜውን የሚለካለት ከበሮው ነውና። ለዚህ ነው ምርጫዬ በእርሳቸው ላይ ያረፈው።

የባልደረቦች ተቃውሞ

አዲሱ ዝማሜ በጎንደር ሊቃውንት ፊት በቀረበ ጊዜ ተቀባይነት አላገኘም። ነባሩን ሥርዓት የሚጠብቁት መምህራን አይሆንም አሉ። ብዙ ጊዜ ይህን ታሪክ የሚተርኩ ሰዎች የጎንደርን ሊቃውንት ምቀኞች ወይም ግትሮች አድርገው ያቀርቧቸዋል። እኔ በበኩሌ በዚህ አልስማማም። የእነርሱን ነገር ከእነርሱ ወገን ሆነን እንመልከተው።

አቋቋም በአብዛኛው በመጽሐፍ የማይያዝ፣ ከአካል ወደ አካል የሚተላለፍ እውቀት ነው። ብራና ቢቃጠል ከሌላ ብራና ይገለበጣል፤ መምህር ከሞተ ግን የሚገለበጥ ነገር የለም። እንዲህ ያለ እውቀት ዘመናትን ሊሻገር የሚችለው ተማሪው መምህሩ እንዳደረገ ሳይጨምርና ሳይቀንስ ሲያደርግ ብቻ ነው። እያንዳንዱ ባለተሰጥዖ የየራሱን ቢጨምር በሦስት ትውልድ ውስጥ ሥርዓቱ የት እንደ ደረሰ የሚያውቅ አይኖርም። ከጎጃም፣ ከላስታና ከሸዋ የሚመጣው ተማሪ ሁሉ ራሱን የሚለካበት ሚዛን የነበረችው በዓታ፣ ሚዛኑን ለማንቀሳቀስ ብትፈራ አይፈረድባትም። ፍርሃቱ ከንቱ እንዳልነበረም ታሪክ መስክሯል። በጥር ወር 1880 ዓ.ም. የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት በደንቢያ፣ ሳር ውሃ በተባለው ቦታ በአቡ አንጃ በሚመራው የድርቡሽ ጦር ድል ሲሆኑ፣ ለጎንደር የሚደርስላት አልነበረም። ከተማይቱ ተዘረፈች፤ አብያተ ክርስቲያናቷ ዳግመኛ ተቃጠሉ፤ ካህናቷም ተገደሉ፣ ተማረኩ፣ ተበተኑ። የጎጃም ሰው ያን ዘመቻ ሲያስብ በሳር ውሃ የወደቁትን ወገኖቹን ያስባል። ጎንደር ላይ ከሰው ጋር አብሮ የጠፋው ትምህርት ምን ያህል እንደ ነበር የሚያስበው ግን ጥቂት ነው። የጎንደር አቋቋም ከዚያ እሳት ተርፎ እስከ ዛሬ የደረሰው እነዚያ ግትር የተባሉት መምህራን አጥብቀው ስለ ያዙት ነው።

ነገር ግን የአለቃ ገብረ ሐናም ወገን እውነት ነበረው። ሥርዓት የሚጠበቀው ሕይወት እንዲኖረው ነው። ሙሉውን ትምህርት የጨረሰና ሚዛኑን የሚያውቅ ሰው አንድ ነገር ልጨምር ሲል፣ ገና ያልተማረ ሰው ልለውጥ እንደሚለው ተደርጎ መቆጠሩ ተገቢ አልነበረም። ሁለቱም ወገን እውነት ሲኖረው ደግሞ ክርክሩ በክርክር አያልቅም።

አለቃ ገብረ ሐና በዚህ ጊዜ ያደረጉት ነገር ለእኛ ለመምህራን ከሁሉ የሚበልጥ ትምህርት ያለው ይመስለኛል። ባልደረቦቻቸውን በሹም ኃይል ለማስገደድ አልሞከሩም። ዝማሜውንም ትተው ወደ ቁጭት አልገቡም። አስተማሩት እንጂ። ያስተማሩትም ለገዛ ልጃቸው ለተክሌ ነበር። ተክሌም የአባታቸውን ሥርዓት አጣርተው ከያዙ በኋላ ወደ ደብረ ታቦር ይዘውት ሄዱ። የጎንደር ጉባኤ ያልተቀበለውን የደብረ ታቦር ካህናት ተቀበሉት። ከዚያም ተማሪ ከተማሪ እየተቀበለው ከደብረ ታቦር ውጭ ወዳሉ አገሮች ተስፋፋ።

ስሙም የተክሌ ዝማሜ፣ የተክሌ አቋቋም ተባለ። እስከ ዛሬ ድረስ ከጎንደሩ በዓታ አቋቋም ጎን ለጎን ቆሞ የሚማሩት፣ የሚመረቁበትና የሚያገለግሉበት ሥርዓት ነው። ባለ ማሕሌቱ ሁሉ ዘወትር የሚጠራው የልጅየውን ስም ነው። የአባቱ ስም በዝማሜው ላይ የለበትም።

ሳቅ የሸፈነው ሊቅ

የአባቱ ስም ታዲያ የት ሄደ? ወደ ሳቅ ሄደ። አለቃ ገብረ ሐና በኋለኛው ዘመናቸው በዳግማዊ ምኒልክና በእቴጌ ጣይቱ ቤተ መንግሥት ይታወቁ ነበር። በግብር ላይ የተናገሩት፣ ለመኳንንቱ የመለሱት፣ በመንገድ ላገኙት ገበሬ የሰነዘሩት፣ ከባለቤታቸው ከወይዘሮ ማዘንጊያ ጋር የተለዋወጡት ቃል ሁሉ ከአፍ ወደ አፍ እየተላለፈ በመላው አገር ተሰማ። ፊደል ያልቆጠረው ገበሬም፣ ዩኒቨርሲቲ የገባው ተማሪም የገብረ ሐናን ቀልድ ያውቃል። ስማቸው ቀልድን እንደ ማግኔት የሚስብ ሆነና፣ ሌላ ሰው የተናገረውም፣ እርሳቸው ካረፉ በኋላ የተፈጠረውም ሁሉ ለእርሳቸው ተሰጠ። ቱርኮች በናስረዲን ሆጃ ስም የስንት ዘመን ቀልድ እንደ ከመሩ፣ እኛም በገብረ ሐና ስም ከመርን።

በዚህ ውስጥ አንድ በደል አለ። ቀልዱ በራሱ ክፉ ስለ ሆነ አይደለም። ኃይለኛን በሳቅ መንቀፍ፣ ንፉግን በቅኔ ማሳፈር ትልቅ ችሎታ ነው፤ በፍርሃት ይኖር ለነበረ ሕዝብም እፎይታ ነበር። በደሉ ግን ቀልዱ ሰውየውን መተካቱ ላይ ነው። የብዙ ዓመት የቅኔ ትምህርት፣ የበዓታ አለቅነት፣ የፍትሐ ነገሥት መምህርነት፣ ትውልድ የሚያገለግልበት ዝማሜ፣ እነዚህ ሁሉ ተረስተው፣ እንጀራ ሲበሉ የተናገሩት ብቻ ቀረ። የክቡር ሐዲስ ዓለማየሁን ፍቅር እስከ መቃብር ያነበበ ሁሉ ጉዱ ካሳን ያስታውሳል። ያ ሊቅ የሚናገረው ከዘመኑ ስለ ቀደመ አገሩ ጉድ አለው፤ ጉድ ከተባለ በኋላ ደግሞ የሚናገረውን ከልቡ የሚሰማው ጠፋ። ጉዱ ካሳ የልብ ወለድ ሰው ነው፤ ገብረ ሐና ግን በሥጋ የኖሩ ናቸው። አንዱን ጉድ ብለን፣ ሌላውን ቀልደኛ ብለን አለፍናቸው። ከሚያስቸግር አዋቂ ለመገላገል ይህን የመሰለ ቀላል ዘዴ የለም።

ምናልባት እርሳቸው ራሳቸው ይህን ያውቁ ይሆናል ብዬ የማስብበት ጊዜ አለ። ሰው ሥራውን የሙያ ጓደኞቹ ሳይቀበሉለት ሲቀር ሁለት መንገድ አለው፤ መክሰል ወይም መሳቅ። አለቃ ገብረ ሐና ሥራውን ለልጃቸው፣ ሳቁን ለአገሩ ሰጡ። ሁለቱም ስጦታ ደርሷል፤ የሰጪው መልክ ግን በአንደኛው በኩል ብቻ ታየ።

የምርጫው ውጤት

አሁን ወደ ቡናው ጨዋታ ልመለስ። ማክስ ሮችም ሆነ ቶኒ አለን ታላላቅ ሰዎች ናቸው። ከእነርሱ በኋላ የመጣ ከበሮ መቺ ሁሉ ከእነርሱ ተምሯልና ታላቅነታቸው አይካድም። ልብ ብለን ካየነው እነርሱንም ታላቅ ያሰኛቸው ፍጥነታቸው ብቻ ሳይሆን ለሌላው የሚተርፍ አዲስ መንገድ ማበጀታቸው ነው። በዚሁ ሚዛን ስንመዝን ግን የእኛ ሰው ከእነርሱ ጎን የሚቆሙ ናቸው። የእነርሱን ምት ድምፅ መቅጃ መሣሪያ አስቀርቶላቸዋል። የአለቃ ገብረ ሐናን ያስቀረው የሰው አካል ብቻ ነው፤ ከአባት ለልጅ፣ ከመምህር ለተማሪ እየተቀባበለ። እርሳቸው ካረፉ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኗል። ዛሬም በተክሌ አቋቋም የሚያገለግሉ ካህናት መቋሚያቸውን ይዘው ወዲያና ወዲህ ሲሉ፣ በከበሮው ምት መካከል የጣና ሸንበቆ ይታያል። ለእኔ ታላቁ እርሳቸው ናቸው።

ይህን ስል ከማኅበራችን አባላት የምጠይቀው አንድ ነገር አለ። በየምንሠራበት ቦታ፣ በትምህርት ቤትም ሆነ በሌላ፣ ከባልደረቦቻችን አንዱ አዲስ ዘዴ ይዞ ሲመጣ ሚዛኑን መጠበቅ ግዴታችን ነው። ነገር ግን አይሆንም ከማለታችን በፊት ያ ሰው ነባሩን ጠንቅቆ የሚያውቅ መሆኑንና አለመሆኑን እንጠይቅ። የሚያውቅ ከሆነ ቢያንስ የሚሞክርበት ደብረ ታቦር አንንፈገው። ሥራው ከተሳካም በኋላ ስሙን ከሥራው ጋር እንጻፍለት። ተጫዋች ነው፣ ቀልደኛ ነው፣ ጉደኛ ነው ብለን በምናልፈው ሰው እጅ ምን እንዳለ አይታወቅም።

ከዚያ ጨዋታ በኋላ በመጣው በዓል ማሕሌቱ እስኪፈጸም ቆይቼ ከበሮውን የመቱትን ሰው ጠብቄ ስማቸውን ጠየቅኋቸው። የነገሩኝ አስቀድመው የመምህራቸውን ስም ነበር፤ የራሳቸውን ያስከተሉት ቆይተው ነው። ሁለቱንም በማስታወሻዬ ላይ ጻፍኋቸው። እናንተም በየአላችሁበት እንዲሁ ብታደርጉ፣ የሚቀጥለው ትውልድ ታላቁን ከበሮ መቺ ሲመርጥ ከደጃፉ የሚጀምርበት ስም አያጣም።